ለድካም ተብለው የሚሸጡት ፔፕታይዶች፦ የቱ ይሻላል?

ሰሞኑን ጎንደር ጂም የሚሰሩ ልጆች ወሬያቸው ፔፕታይድ (በመርፌ የሚወሰድ አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት) ሆኗል፣ ውጪ ያለ ዘመድ ይልክልኛል የሚል አለ፣ በቴሌግራም አገኘሁ የሚልም አለ፣ ጥያቄው ግን ያው ነው፣ ለድካም የቱን ልግዛ?

ስሙ ብዙ የሚነሳው ሞትስ-ሲ ነው። 16 አሚኖ አሲድ ነው ያለው፣ ሰውነታችን ራሱ ከሚቶኮንድሪያ (ሴል ውስጥ ጉልበት የሚያመርተው ክፍል) ዲኤንኤ የሚሰራው ነገር ነው፣ በፈረንጆቹ 2015 ነው ይፋ የሆነው። አይጦች ተወግተው ትሬድሚል ላይ ከበፊቱ በላይ ሮጡ፣ ያረጁትም ጭምር፣ እና ሻጩ ይቺን አይጥ ይዞ ነው የሚያሻሽጠው። ጤነኛ ሰው ላይ ጉልበት እንደሚጨምር ያሳየ በቂ ሙከራ የለም።

የጥናት ማስረጃው የሚሻለው ኤስኤስ-31 ነው፣ ኢላሚፕሬታይድም ይሉታል። በ2025 የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ባርዝ ሲንድረም ለሚባል በጣም ብርቅ የዘር በሽታ ፈቅዶታል። ግን እዩት፣ ሚቶኮንድሪያቸው ታሞ ጡንቻቸው የደከመ ሰዎች ላይ በተሰራው ትልቅ ሙከራ በ6 ደቂቃ የሚራመዱትን ርቀት እንኳን አላስጨመረላቸውም፣ እንግዲህ ማታ ስልክ ሲነካካ አምሽቶ ጠዋት ለሚደክመው ሰው ምን ሊያደርግ ነው?

ሲጄሲ-1295፣ ኢፓሞረሊንና ሰርሞረሊን ደግሞ ሌላ መንገድ ናቸው፣ የእድገት ሆርሞን እንዲለቀቅ ነው የሚገፉት። ሰርሞረሊን በ1997 አሜሪካ ውስጥ እድገታቸው ለዘገየ ልጆች ተፈቅዶ ነበር፣ በ2008 አምራቹ ማምረት አቆመ። ቶሎ ከሰውነት ይወጣል፣ ዳክ (ደም ውስጥ የሚያቆየው ተጨማሪ ክፍል) ያለበት ሲጄሲ-1295 ግን ለቀናት ይቆያል፣ ለኔ ይሄ ጥሩ ጎኑ አይደለም፣ ካልተስማማህ ቶሎ አይለቅህማ። እጅ መደንዘዝ፣ ውሃ መያዝ፣ ስኳር መጨመር ሊመጣ ይችላል፣ ቤተሰብ ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው አይንካው። ወደ ዳባት መንገድ የምትሮጡ ልጆች ደግሞ ስሙ፣ እነዚህ ሶስቱም፣ ሞትስ-ሲም ዋዳ (የዓለም ፀረ-ዶፒንግ ድርጅት) የከለከላቸው ናቸው።

ብልቃጡ ላይ «ለምርምር ብቻ» ተብሎ የሚጻፈው ለጌጥ አይደለም። ዱቄቱን ራስህ ነህ የምታሟሟው፣ 5 ሚሊግራሙን በ2 ሚሊ ውሃ ካሟሟኸው የኢንሱሊን መርፌው (በ1 ሚሊ 100 ዩኒት የሆነው) 10 ቁጥር የተጻፈበት መስመር ላይ 250 ማይክሮግራም ነው፣ በ1 ሚሊ ካደረግከው እዛው መስመር ላይ 500 ይሆናል፣ በቃ እጥፍ ወጋህ ማለት ነው። ከተሟሟ በኋላ ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ይፈልጋል፣ የመብራቱን ነገር እናንተ ታውቁታላችሁ።

እና ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው የደም ምርመራ ነው፦ ሙሉ ደም፣ ፌሪቲን (ሰውነት ያከማቸው ብረት መለኪያ)፣ ታይሮይድ፣ ስኳር፣ ከተቻለ ቢ12። ጎንደር ከባህር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች የሄሞግሎቢን ቁጥር እዚህ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፣ በቆላ መለኪያ ከተነበበ ደም ያነሰው ሰው ደህና ሊመስል ይችላል፣ ስለዚህ ፌሪቲኑን አትዝለሉት። ብረት ዝቅ ካለ ኪኒኑ ከአንድ ብልቃጥ ፔፕታይድ በጣም ይረክሳል፣ ብቻ ከቡናና ከሻይ አርቃችሁ ዋጡት።

ምርመራው ሁሉ ደህና ሆኖም መርፌ ካላችሁ ሐኪም ሳያይ አይሆንም፣ የእድገት ሆርሞን የሚገፉትን ከሆነ አይጂኤፍ-1 (የእድገት ሆርሞኑን መጠን የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና ስኳር አስቀድሞ ይለካ፣ ሻጩ የዛችኑ ብልቃጥ የላቦራቶሪ ውጤት ማሳየት ካልቻለ ደግሞ ብሩን ኪሳችሁ መልሱት።