አቶቴ ያለው የቡርሳሜ ቤት፦ ትልቁን ሻፌታ እዘዙ

ሐዋሳ ውስጥ ቡርሳሜ፣ ከእንሰት ተሠርቶ በቅቤ በሻፌታ (በሸክላ ገበታ) የሚቀርበው የሲዳማ ምግብ፣ የሚሸጥ ቤት ሞልቷል። ብዙዎቹ ግን ዋሳውን (ሲዳማ ቆጮን የሚጠራው እንዲህ ነው) አድቅቀው አይከትፉትም፤ ቃጫው ጥርስ ውስጥ ይቀራል። አቶቴ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ያለችው ጠባብ ቤት የምትሠራውን አማቴ ቢቀምሱት ኖሮ "እንሰቱን ማን ፋቀው?" ብለው ይጠይቁ ነበር። እሳቸው የሌላ ሰው እጅ በቀላሉ አያደንቁም።

እኔ ናዝሬት ነው ያደግኩት፤ እንሰትን የማውቀው ክትፎ ቤት በሚቀርብ ቆጮ ብቻ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ አለታ ወንዶ አጠገብ፣ ከገበሬ ቤት፣ ከ11 ልጆች ሰባተኛው ነው። ጓሮው እንሰትና ቡና ነበር። ጠዋት ጠዋት የከብቱን ፍግ ተሸክሞ እንሰቱ ሥር መድፋት የሴቶቹ ልጆች ሥራ ነው። ያለ ፍግ እንሰቱ አይወፍርም፤ ያለ እንሰት ደግሞ ያን ሁሉ አፍ የሚችል የለም። አንዱ እንሰት እስኪደርስ ዓመታት ስለሚፈጅ አባታቸው ልጅ በተወለደ ቁጥር ችግኝ ይጨምሩ ነበር አሉ።

በሲዳማ አዲስ ዓመት፣ በፊቼ ዋዜማ ማታ ሁሉም ይሰበሰባል። ሻፌታው መሐል ይቀመጣል፣ ቅቤው ከላይ ይተኛል፣ እርጎው በጎን። ምራት ሆኜ የገባሁ ጊዜ ዋርሳዎቼን በስም መለየት ጭንቅ ሆኖብኝ ነበር። አማቴ ግን ሳይቆጥሩ የጎደለውን ያውቃሉ፤ "ያቺ የዲላዋ አልመጣችም" ይሉና እጃቸውን ይሰበስባሉ። እሳቸው ካልጀመሩ ማን ይጀምራል! የልጆቹ ታላቅ እህት፣ ታናናሾቿን ለማሳደግ ትምህርቷን ያቋረጠችው፣ ሁልጊዜ ከዳር ነው የምትበላው። ቅቤው ያለው መሐል ነው፤ መሐሉን ለትንንሾቹ ትተዋለች። አሁን ትንንሾቹ ሽበት አውጥተዋል፤ እዚህ ቤት ስንጋብዛት ግን ዛሬም ከዳር ትጀምራለች።

ወደ አቶቴው ቤት ልመለስ። ትንሹን ካዘዛችሁ በሳህን ነው የሚመጣው፤ ወዲያው ይበርዳል፣ ቅቤውም ይረጋል። አትዘዙት። ትልቁ በሸክላው ሻፌታ ኮባ ተነጥፎበት ይመጣል፣ አምስት ስድስት ሰው ያጠግባል፣ እስኪያልቅም እንደሞቀ ነው። ኮረሪማው ትንሽ በዝቷል፤ በባለቤቴ ቤት እንዲህ አይበዛም ነበር። እርጎው ቀጭን ነው፤ ውሃ ነክቶታል ባይ ነኝ። ዋጋው ከልዩ ክትፎ አይተናነስም፤ ቅቤውን ላየ ግን አያስከፋም። ረቡዕና ዓርብ ለጿሚ በጎመን ያቀርባሉ፤ እሱን እዚያ ድረስ ሄዳችሁ አትብሉ፣ ቤት ይሠራል።

አስተናጋጆቹ ፈጣን አይደሉም፤ ሰው ሲበዛ ደግሞ የታዘዘውን ይረሳሉ። ከሰዓት በኋላ ትልቁ ስለሚያልቅ ጠዋት ደውሎ ማስያዝ ይሻላል። የባለቤቴ ወንድሞች ቡና ሸጠው ወደ ሐዋሳ ሲወጡ እኛ ሁለት ሻፌታ ነው የምናስይዘው። አንዱ በቅቶን አያውቅም።