የልጅ ልደት ከሚኪ ጋር፦ ሬስቶራንት፣ ግቢ ወይስ ኦርላንዶ?

ድሬዳዋ ላይ ለልጃችሁ ልደት የሚኪ ማውስ ልብስ የለበሰ ሰው ስትፈልጉ ሜኑውን ቆይታችሁ እዩት። ቀድማችሁ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ለባሹ ከልጆቹ ጋር ስንት ደቂቃ ይቆያል? ሬስቶራንት ብትይዙም፣ እቤት ብታስመጡም፣ አሜሪካ ያለችው አክስት ኦርላንዶ፣ ዲስኒ መዝናኛ ፓርክ ወስዳ ብትጋብዛችሁም ገንዘባችሁ የሚሄደው ለዚያ ደቂቃ ነው። ፒዛውና ጥብሱማ ያለ ሚኪም ይበላል።

ደቂቃው የሚያጥረው በስንፍና አይደለም። ባለጸጉሩ ልብስ ውስጡ ስፖንጅ ነው፣ ጓንቱ ወፍራም ነው፣ ጭንቅላቱ አየር አያስገባም። ለባሹ የሚያየው በአሻንጉሊቱ ዓይን ሳይሆን አፉ ላይ በተሰፋችው ስስ ጨርቅ በኩል ስለሆነ እግሩ ስር የቆመ ሕፃን አይታየውም። በዚህ ላይ የድሬን ሙቀት ጨምሩበት። በግንቦት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ካናቴራ ብቻ የለበሰውም ጥላ ይፈልጋል። ልደቱ መሐል ላይ ከኩሽናው ጀርባ ብቅ ብትሉ ሚኪ ጭንቅላቱን የለስላሳ ሳጥን ላይ አስቀምጦ፣ ካናቴራው ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ቬንትሌተር ፊት ተቀምጦ ውሃ ሲያንቆረቁር ታገኙታላችሁ። ሃያ ደቂቃ ሠርቶ አስር ደቂቃ የሚያርፍ ከሆነ ጎበዝ ነው። «ሁለት ሰዓት ሙሉ አብሯችሁ ነው» ብሎ የሚዋዋላችሁ ሰው ዕረፍቱን አልቆጠረም፤ ወይም እናንተ እንድትቆጥሩት አልፈለገም።

ሌላው ዓይነት የሚነፋው ልብስ ነው። ጨርቁ ስስ ነው፣ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ፋን ተገጥማለታለች፣ አየር ሲገባው ዳይኖሰር ወይም ድብ ይሆናል። ፋኗ ትጮሃለች፤ ልጆቹ ተባብረው ሲያቅፉት ደግሞ ዳይኖሰሩ ይኮማተራል፣ እነሱ ግን በዚያም ይስቃሉ። ለባሹ ከባለጸጉሩ የተሻለ ስለሚተነፍስ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆይላችኋል። የልጃችሁ ልብ ሚኪ ላይ ካልተንጠለጠለ በስተቀር ለድሬ ሙቀት እኔ ይህን እመርጣለሁ። ትርፍ ባትሪ መያዙን ብቻ አረጋግጡ።

አሁን ወደ ቦታው። የሬስቶራንት ትልቁ ጥቅም ጥላውና መብራቱ ነው፤ አዳራሽ አለ፣ ቬንትሌተር አለ፣ መብራት ሲሄድ ጀነሬተር ይነሳል፣ ለባሹ ልጆች ሳያዩት የሚለብስበትና የሚያወልቅበት ጓዳ አለ። እናትም ሳህን አታጥብም፤ ይህን የማይቆጥር አባት ካለ ይቁጠር። ጉዳቱ ቅዳሜና እሁድ ላይ ይመጣል። በአንድ አዳራሽ ሁለት ሦስት ልደት ይገጥምና ያው አንድ ሚኪ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። ያኔ የሃያው ደቂቃ ድርሻችሁ ስድስት ሰባት ደቂቃ ነው፤ ከዚያም ላይ ፎቶግራፈሩ የራሱን ይወስዳል። ስለዚህ ስትመዘግቡ «በዚያ ሰዓት ሌላ ልደት አለ ወይ?» በሉ። ኬክ ከውጭ ማስገባት ያስከፍላል አያስከፍልም የሚለውም ከዚያው ጋር ይጠየቅ፤ ኬኩ በር ላይ ቆሞ መከራከር ደስ አይልም።

ሬስቶራንት ላይ የሚከብደው የሥጋው ነገር ነው። ድሬ ላይ ልደት ጠርታችሁ ግማሹ እንግዳ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን ቢሆን ብርቅ አይደለም፤ ጎረቤቱም የክፍል ጓደኛውም እንዲያ ነው። እቤት ሲሆን ለሁሉም እንደየሃይማኖቱ ታዘጋጃላችሁ፣ ድስቱ ይለያል፣ ማንም ሳይጠይቅ የራሱን ያውቃል። ሬስቶራንቱ ግን ኩሽናው አንድ፣ ሥጋውም ከአንድ ወገን ነው፤ ከእንግዶቻችሁ ግማሾቹ ለስላሳ ብቻ ይዘው ሊቀመጡ ይችላሉ። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ደግሞ ጾሙ ይጨመራል። የምስር ሳንቡሳ፣ ቺፕስ፣ ፍራፍሬ፣ ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ እና የጾም ኬክ ካዘዛችሁ ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ይበላል፤ ልጅ እንደሆነ ሚኪ ካለ ጥብስ አይናፍቅም።

ግቢ ላይ ማድረግ የሚያዋጣው ሚኪው የእናንተ ብቻ ስለሚሆን ነው። ደቂቃው አይከፋፈልም። ይከፋፈላል እንኳ ከተባለ ከሰፈሩ ልጅ ጋር ነው፤ ሳቢያን ሆነ ከዚራ፣ ሙዚቃ ከተከፈተና ሚኪ ከታየ የጠራችሁት ሃያ ልጅ አርባ ይሆናል፣ በሩን መዝጋት ደግሞ ነውር ነው። ኬኩን በዚያ ልክ እዘዙ። የምር የሚያበላሸው አመጣጡ ነው። ለባሹ ልብሱን ለብሶ በባጃጅ ከመጣ ጭንቅላቱ በጎን ወጥቶ እየታየ መንገዱን ሙሉ ልጅ ሲያስከትል ይመጣና በሩ ላይ ሲደርስ ግማሽ ጉልበቱ አልቋል። ልብሱን በማዳበሪያ ቋጥሮ በጓሮ በር ወይም በጎረቤት ቤት ገብቶ ይልበስ። አብሮት እጁን ይዞ የሚመራው ሰው መምጣቱን አትርሱ፤ ያለ መሪ የመጣ ሚኪ ደረጃ ላይ ይደናቀፋል፣ ወይ ሕፃን ይረግጣል። ሰዓቱን ከ11 በኋላ አድርጉት። ሙቀቱ ይበርዳል፤ በርጫ ላይ ጫት ሲቅሙ የነበሩት አባቶችም ያኔ ነው የሚነሱት አቦ፣ ከዚያ በፊት ብትጠሩም ልባቸው አይመጣም።

ዕድሜውን አስቡበት። ሁለትና ሦስት ዓመት የሆናቸው ብዙዎቹ ያንን የሚያህል ጭንቅላት ቀርቦ ሲያዩ ያለቅሳሉ፣ ልደቱም በእናት እቅፍ ያልፋል። ለእነሱ ዲኮርና ፊኛ ይበቃል። አራት ዓመት ከሞላ በኋላ ነው ብሩ ዋጋ የሚያወጣው። አስር ዓመት የሞላው ልጅ ደግሞ ዚፑን ፈልጎ ያገኛል።

ለትልልቆቹ ያው ገንዘብ ሐረር ላይ ይሻላል ባይ ነኝ። ከድሬ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማታ ከጀጎል ግንብ ውጭ ጅብ ሲመገብ ማየት፣ የደፈረም በአጭር እንጨት ሥጋ አንጠልጥሎ ራሱ ማብላት ይችላል። የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት ሄዶ የሚያወራው ይህን ነው። በነገራችን ላይ የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ሐረር ስትደርሱ ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላችኋል፣ አየሩም ይቀዘቅዛል፤ ባለጸጉሩን ሚኪ የግድ የምትፈልጉ ከሆነ ልደቱን ሐረር ያሉ ዘመዶች ግቢ ማድረግ የለባሹን ደቂቃ ያስረዝማል።

ኦርላንዶን የጻፍኩት ለቀልድ አይደለም። አሜሪካ ዘመድ የሌለው የድሬ ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ ቪዛ ያገኘ ሁሉ ደግሞ ልጆቹ «ዲስኒ» ይሉታል። ኦርላንዶ ያለው የዲስኒ መዝናኛ፣ ዋልት ዲስኒ ወርልድ፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ነው የተከፈተው። እዚያ ከገጸ ባሕሪያቱ ጋር የሚበላባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፤ የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመነታው ግን በሁለቱ መካከል ነው።

አንደኛው ኮንቴምፖራሪ የሚባለው ሆቴል ውስጥ ያለው ሼፍ ሚኪስ ነው። ቡፌ ነው፤ ሚኪ፣ ሚኒ፣ ዶናልድ፣ ጉፊና ፕሉቶ የወጥ ቤት ሠራተኛ መስለው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይመጣሉ። ያለው ሆቴል ውስጥ ስለሆነ የፓርኩን ትኬት አይጠይቅም፤ ይህ ብቻውን ለብዙ ቤተሰብ ውሳኔ ይሆናል። ሞኖሬል የሚባለው የዲስኒ ባቡርም ሕንፃውን ሰንጥቆ ያልፋል። ለገሐር አካባቢ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ሚኪን ትቶ ቀና ማለቱ አይቀርም። ሁለተኛው ማጂክ ኪንግደም ፓርክ መሐል፣ ሲንደሬላ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው ሲንደሬላስ ሮያል ቴብል ነው፤ እዚያ ወደ ጠረጴዛው የሚመጡት የዲስኒ ልዕልቶች ናቸው። ለመግባት የፓርኩ ትኬት ግድ ነው፣ የምግቡም ሒሳብ ስትመዘግቡ አስቀድሞ ይከፈላል። እንግሊዝኛ ለሚችል ልጅ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ እነሚኪ አይናገሩም፣ በእጅ ምልክት ይጫወታሉ፣ ደብተር ላይ ይፈርማሉ። ልዕልቶቹ ግን ያወራሉ፣ ስም ይጠይቃሉ። አማርኛና ኦሮምኛ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ከማይናገረው ጉፊ ጋር የበለጠ ይግባባል።

ዋጋው እንደ ቀኑ ይለያያል እንጂ ለአንድ አዋቂ ታክስና ቲፕ ሳይጨመር ከ50 ዶላር ያልፋል፤ ቤተ መንግሥቱ ከዚያም ይወደዳል። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በነፃ ነው፣ ከ3 እስከ 9 የልጅ ዋጋ፣ ከ10 ጀምሮ እንደ አዋቂ ይከፍላል። ቦታ መያዝ የሚቻለው ከ60 ቀን በፊት ጀምሮ ስለሆነ አክስት ያኔውኑ ትመዝግብ፤ ደርሳችሁ የምትጠይቁት ነገር አይደለም። ሼፍ ሚኪስ ቁርስ ላይ ቤከን የሚባለው የአሳማ ሥጋና ቋሊማ አለ። በዚህ እንኳ ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም አንድ ነን፤ ልጆቹን ሚኪ ቅርጽ ወዳለው ዋፍልና ወደ ፍራፍሬው ምሯቸው። ይህ ሁሉ ወጪ የሚያዋጣበት ምክንያት አሁንም ደቂቃው ነው። ፓርኩ ውስጥ አንድ ፎቶ ለመነሳት ረጅም ሰልፍ ትይዛላችሁ፤ እዚህ ግን ተቀምጣችሁ እየበላችሁ እነሱ ተራ በተራ ይመጣሉ፣ አዳራሹም በኤር ኮንዲሽነር የቀዘቀዘ ነው። ከሁለቱ እኔ የምመርጠው ሼፍ ሚኪስን ነው፤ የልዕልት ፍቅር የያዛት ልጅ ካለቻችሁ ግን አትከራከሯት። ዱባይና አቡዳቢ የሚመላለስ ቤተሰብ ደግሞ ትንሽ ቢታገስ አይጎዳም፤ ዲስኒ አቡዳቢ ላይ ፓርክ እንደሚሠራ በ2025 እ.ኤ.አ. አስታውቋል።

ወደ ድሬው ልደት ስመለስ፣ ልጁ ከአራት እስከ ስምንት ዓመት ከሆነ፣ ግቢያችሁም ዛፍ ካለው፣ ግቢው ይሻላል። ግቢ የሌለው ወይም ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው በሥራ ቀን ሬስቶራንት ይያዝ፤ አዳራሹ ባዶ ነው፣ ሚኪም የእናንተ ብቻ ይሆናል። ለባሹን ስትዋዋሉ በሰዓት ሳይሆን በዙር ተነጋገሩ፦ ስንት ጊዜ ይወጣል፣ በየዙሩ ስንት ደቂቃ ይቆያል፣ ኬኩ ሲቆረስ የትኛው ዙር ላይ ነው። ልብሱን ከሁለት ቀን በፊት ሄዳችሁ አሽቱት፤ የባለፈው ሳምንት ላብ ያለበት ልብስ ልጅ ያሸሻል። ቀብድ ግማሹን ስጡ። ቀሪውን ጓዳ ገብታችሁ ጭንቅላቱን ካወለቀ በኋላ ስጡት፤ ሚኪ አዳራሽ መሐል ቆሞ በዚያ ወፍራም ጓንት ብር ሲቆጥር ያየ ልጅ ጥያቄው አያልቅም።