ካን አካዳሚ ለኤስኤቲ፦ ለክረምቱ ቱቶር ከመቅጠራችሁ በፊት ይሄን ሞክሩት

ልጃቸው 11ኛን ጨርሶ አሜሪካ ላሉ ኮሌጆች ሊያመለክት ያሰበ ቤተሰብ ክረምት ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ለኤስኤቲ (ለኮሌጅ መግቢያ ፈተናው) ቱቶሪያል የት እናስገባው" ነው። እኔ ታናሽ ወንድሜ ክረምቱን ካን አካዳሚ በሚባለው የኢንተርኔት መማሪያ ላይ ሲያጠና አጠገቡ ስለነበርኩ ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፣ መጀመሪያ ነፃውን ጨርሱ።

ነፃ ስል ደሞ ግማሹን አሳይቶ ቀሪውን ክፈሉ የሚል አይደለም፣ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈተናውን ከሚያወጣው ከኮሌጅ ቦርድ ጋር አብረው ስለሚሰሩ ጥያቄዎቹ ከትክክለኛው ፈተና ብዙ አይርቁም። በጣም የወደድኩት ግን ስትሳሳቱ ለምን እንደተሳሳታችሁ ደረጃ በደረጃ ማስረዳቱን ነው። የኛ ልጆች ሒሳቡን አብዛኛውን ይሰሩታል፣ ነጥብ የሚጥሉት ራይቲንጉ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስንማር ቴንስ ነው የምንማረው፣ ኤስኤቲ ደሞ ኮማና ሴሚኮለን የት እንደሚገባ ይጠይቃል፣ ይሄን ከመሰረቱ ጀምሮ የሚያስተምር ቦታ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ጉድለት አለው። ከባድ የሚባሉት የሒሳብ ጥያቄዎች በቂ ከባድ አይደሉም። ፈተናው እንግሊዝኛውም ሒሳቡም ሁለት ሁለት ሞጁል (ክፍል) ነው፣ የመጀመሪያውን በደንብ ከሰራችሁ ሁለተኛው ይከብዳል፣ ካን አካዳሚ ብቻ የሰራ ልጅ እዛ ጋ ይደነግጣል። ስለዚህ ብሉቡክ የሚባለውን የኮሌጅ ቦርድ አፕ የግድ ጫኑ፣ ፈተናው ራሱ የሚሰጠው በሱ ነው፣ ሙሉ የልምምድ ፈተናም በነፃ አለው፦ ሪዲንግና ራይቲንግ 54 ጥያቄ በ64 ደቂቃ፣ ሒሳብ 44 በ70 ደቂቃ። ስልክ ላይ አይሰራም፣ ላፕቶፕ ወይ አይፓድ ይፈልጋል። መሃል ላይ ኔትወርክ ቢጠፋ ግን ፈተናው አይቋረጥም፣ ለመጀመርና መልሱን ለመላክ ብቻ ነው ኢንተርኔት የሚያስፈልገው፣ ለኛ አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪውን ሞልታችሁ ተቀመጡ።

ግን እባካችሁ ክረምቱ በሙሉ ኤስኤቲ አይሁን። ጠዋት ሁለት ሰዓት ያህል ከበቂ በላይ ነው። ኮመን አፕ (ለብዙ ኮሌጆች ማመልከቻ የሚላክበት ድረ ገጽ) ሐምሌ 25 አካባቢ (ኦገስት 1) ለአዲሱ ዓመት ይከፈታል፣ እዛ ላይ እስከ 10 አክቲቪቲ (ከክፍል ውጪ የምትሰሩት ነገር) መሙላት ይቻላል፣ ለእያንዳንዱ መግለጫ 150 ፊደል ብቻ፣ ከዛ ደሞ እስከ 650 ቃል የሚደርስ ኤሴይ አለ። ብዙ ልጆች የማያውቁት የቤተሰብ ኃላፊነትና የሚከፈልበት ስራ የራሳቸው ምድብ እንዳላቸው ነው። በእናቱ ሱቅ ውስጥ የሚሰራ፣ ታናናሾቹን የሚያሳድግ፣ የሰፈር ልጆችን ለ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ የሚያስጠና ልጅ "እኔ ምንም የለኝም" ሲል ስሰማ ያመኛል፣ ይሄ እኮ ነው የሚጻፈው! በሺዎች ዶላር የሚከፈልባቸው የክረምት ካምፖች ሄዶ መማር ለቻለ ጥሩ ናቸው፣ እዛ ዩኒቨርሲቲ ክረምት መማር ግን እዛው መግባት ማለት አይደለም፣ ለዛ ብላችሁ አትበደሩ።

ካን አካዳሚን ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት በሒሳቡ ነው። ብሉቡክ ላይ ከ1400 በላይ እያመጣችሁ ከሆነ ካን አካዳሚ ላይ ብዙ አትቆዩ፣ የኮሌጅ ቦርድን የጥያቄ ባንክ ክፈቱና ከባድ የሚለውን ብቻ መርጣችሁ ስሩ፣ እሱም ነፃ ነው።