ለጋቢ የቱ ይሻላል፦ የእጅ ፈትል ወይስ የፋብሪካ ክር?

ልፋት፦ የእጅ ፈትል ብዙ ሰው ያደክማል። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፣ ከዚያ እናቶች እንዝርቱን እያሾሩ ልቃቂት እስኪሞላ ድረስ ቁጭ ብለው ይፈትሉታል፤ ይህን ሁሉ ያየ ሰው ዋጋ ሲከራከር እጁ ይያዛል። የፋብሪካው ክር ተገዝቶ በቀጥታ ሸማኔው ጋ ይሄዳል።

ዋጋ፦ የእጅ ፈትሉ ይወደዳል። አይገርምም።

ሙቀት፦ እዚህ ላይ የእጅ ፈትል ወደር የለውም። ክሩ ለስለስና ፈካ ያለ ስለሆነ አየር ይይዛል፣ አራት ድርብ ሲሆን ደግሞ የእንጦጦን ብርድ ይችላል።

ጥንካሬ፦ ድር (በቁመት የሚዘረጋው ክር) ተወጥሮ ስለሚመታ እኩል የተፈተለ ክር ይፈልጋል። የፋብሪካው ቶሎ አይበጠስም። ለዚህ ነው ብዙ ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ፣ ማጉን (በአግድም የሚገባውን ክር) ከእጅ ፈትል የሚያደርገው፤ እኔም የምመርጠው ይህንኑ ነው።

ስጋት፦ የፋብሪካውን «የእጅ ፈትል ነው» ብሎ የሚሸጥ አለ። ወደ ብርሃን አንሱና እዩት፤ የእጅ ፈትል ወፈር ቀጠን ይላል።

ለአባት፣ ለአራስ፣ ለደጋ ሰው ከሆነ ማጉ የእጅ ፈትል ይሁን። ለሳሳ ነጠላ ወይም በጀት ለጠበበበት የፋብሪካው ይበቃል። ምርጫችሁን ግን ድሩ ከመወጠሩ በፊት ለሸማኔው ንገሩት።