በኤስኤፍኢ ክፍል ያሳለፍኩት አንድ ዓመት፦ የነጻው የስዊድንኛ ትምህርት ሲመዘን

ለስደተኞች የሚሰጠውን የስዊድንኛ ትምህርት፣ እዚህ ያለን ሁሉ ኤስኤፍኢ የምንለውን፣ በስቶክሆልም ዳርቻ ባለ አንድ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ከ«ቢ» እስከ «ዲ» ኮርስ ተከታትዬ ጨርሻለሁ። የስዊድን መንግሥት ከ1965 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በግብር ገንዘብ የሚደጉመው ይህ ትምህርት ለተማሪው ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው።

ትልቁ ጉድለት የተማሪው አመዳደብ ነው። ደንቡ እንደ ትምህርት ደረጃ 3 የጥናት መስመሮች ቢኖሩትም፣ እኛን ግን አንድ ላይ አጎሩን፤ ደማስቆ ላይ የጥርስ ሐኪም የነበረች ወጣት፣ በአገራቸው ፊደል ካልቆጠሩ አንዲት የሶማሊያ እናት ጎን ተቀምጣ ከስዊድንኛ ስም በፊት የሚገባው መስተአምር «ኤን» ይሁን «ኤት» እያለች ታስጠናቸው ነበር። መምህራንም በአንድ ወቅት ውስጥ 3 ጊዜ ተቀያይረውብናል።

ከሁሉም የማልረሳው የደመወዝ ወረቀት የተማርንበት ቀን ነው። መምህርቷ የግብሩን ተቀናሽ ስታሳየን እኚያው እናት «ይህ ሁሉ ማን ጋ ይሄዳል?» ብለው ጠየቁ፤ እሷም ምንም ሳትናገር የተቀመጡበትን ወንበር በጣቷ መታ መታ አደረገች።

የሕዝቡ ዘርና ቋንቋ በተለያየ ቁጥር ግብር ከፋዩ ለማያውቀው ሰው መስጠትን ይሰስታል የሚሉ ምሁራን አሉ፤ ምሳሌያቸውም አሜሪካ ናት። በ1996 የወጣው የአሜሪካ ሕግ አብዛኞቹን አዲስ ግሪን ካርድ ያዦች ለ5 ዓመት ከበርካታ የፌዴራል ድጎማዎች ማገዱን በዲቪ የሄዱ ዘመዶቻችን ጠንቅቀው ያውቁታል። 10 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ስዊድን ግን በ2015 ብቻ 162,877 የጥገኝነት ጥያቄ ተቀብላ እንኳ ነጻ ትምህርቷን አልዘጋችም። እንደ እኔ ግምት እጇ የጠበበው በሌላ በኩል ነው፤ ኤስኤፍኢን ቶሎ ለሚጨርስ እስከ 12,000 ክሮነር ይሰጥ የነበረው ጉርሻ በ2014 ቀርቷል፣ ከ2017 አጋማሽ ወዲህም ልጁ 2 ዓመት ካለፈው በኋላ የሚመጣ ቤተሰብ የሚያገኘው የወላጅነት ክፍያ (ልጅ ለመንከባከብ ከሥራ ለሚቀር ወላጅ የሚከፈለው) ከ480 ቀን ወደ 100 ዝቅ ብሏል።

ኮርሱን እመክራለሁ። ሆኖም ዲግሪ ያላችሁ ለተማሩ የተዘጋጀው 3ኛው የጥናት መስመር ይሰጠን ብላችሁ ለኮሙኑ (ለአካባቢው ማዘጋጃ ቤት) በጽሑፍ አመልክቱ፤ እኔ በቃል ብቻ ጠይቄ 4 ወር ያህል የማውቀውን ፊደል ስቆጥር ከርሜአለሁ።