ማርሽ ለሚተፋ መኪና «የታደሰ» ትራንስፈር ኬዝ ከመግዛታችሁ በፊት

በአንድ የጥገና ቤት «ሙሉ በሙሉ የታደሰ» ተብሎ የተሸጠልኝ ትራንስፈር ኬዝ (የካምቢዮውን ጉልበት ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ሳጥን)፣ ካስገጠምሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ልክ እንደ አሮጌው ማርሽ መትፋት፣ ማለትም ከገባበት ማርሽ በራሱ መውጣት ጀመረ። ገንዘቤም አልተመለሰልኝም። የቤቱን ስም አልጠራም፤ እንዲህ ያለ ውል የሚያቀርበው እርሱ ብቻ ስላልሆነ፣ ከስሙ ይልቅ አሠራሩን ማወቅ ለሌላው ገዢ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

መኪናዬ በአራቱም ጎማ መነዳት የሚችል፣ ትራንስፈሩም በእጅ ዘንግ የሚቀየር የጭነት መኪና ነው። በፎር ሎው (አራቱም ጎማ በዝግታና በብዙ ጉልበት በሚነዳበት ማርሽ) ዳገት ስወጣ ዘንጉ በድንገት ዘልሎ ፎሌ፣ ማለትም ምንም ማርሽ ወዳልገባበት ቦታ፣ ይገባል፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን ጉልበት አጥቶ ወደ ኋላ መንሸራተት ይጀምራል። ይህ ብልሽት ከመሰላቸት ያለፈ አደጋ እንዳለው ብዙ ሰው አያስተውልም። ትራንስፈሩ ፎሌ ሲገባ ካምቢዮው ከጎማዎቹ ጋር ያለው ግንኙነት ስለሚቋረጥ፣ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ መኪናውን ሊይዝ አይችልም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪናም በፓርኪንግ ማርሽ ቆሞ ሳለ ሊንከባለል ይችላል። ስለዚህ ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ መኪናውን ያለ እጅ ፍሬንና ያለ ጎማ ድጋፍ አታቁሙት።

የጥገና ቤቱ ሠራተኛ መኪናውን ለጥቂት ደቂቃዎች ነድቶ ሲመለስ፣ ትራንስፈሩ ከውስጥ አልቋል፣ መጠገን አያዋጣም፣ የታደሰ አለን፣ አሮጌውን ደግሞ በልዋጭ እንወስደዋለን አለኝ። ከመኪናው ሥር ሳይገባ፣ ዘይቱን ሳያይ፣ አንዲት ቡሎን ሳይነካ ይህን ሁሉ እንዴት እንዳወቀ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም። የልዋጩ ነገርም የዋጋ ቅናሽ መስሎኝ ተቀበልሁ። ኋላ እንደገባኝ ግን፣ አሮጌው ዕቃ ከእጄ ሲወጣ በእርግጥ ተበላሽቶ እንደነበረ የማረጋግጥበት ማስረጃም አብሮ ሄዷል።

ችግሩ ሲመለስ ወደ ሌላ መካኒክ ሄድሁ። እርሱ በመጀመሪያ ያየው ትራንስፈሩን ሳይሆን ካምቢዮውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን የጎማ ሱፖርት ነበር፤ በብረት ዘንግ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ሲያነሳው ጎማው ከብረቱ ተላቅቆ ተከፈተ። ፎር ሎው የካምቢዮውን ጉልበት ያበዛል፤ ለምሳሌ በብዙ ጂፖችና ፒክአፖች ላይ የተገጠመው ኤንፒ 231 የተባለው ትራንስፈር 2.72 እጥፍ ያደርሰዋል። ጉልበቱ በበዛ መጠን ካምቢዮውና ትራንስፈሩ በተቃራኒው አቅጣጫ ለመጠምዘዝ ይታገላሉ፤ ያንን ትግል የሚችለው ሱፖርቱ ነው። እርሱ ከተቀደደ ትራንስፈሩ ዳገት ላይ ከቦታው ይንቀሳቀሳል፤ የማርሽ ዘንጉ ግን በእኔ መኪና ከቦዲው ጋር የታሰረ ስለሆነ ባለበት ይቀራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ማገናኛም ማርሹን ስቦ ያወጣዋል። በሜዳ መንገድ፣ በቱ ሃይ (በሁለት ጎማ ብቻ) ስነዳ ምንም ምልክት ያላየሁት ለዚህ ነበር። የመጀመሪያው ቤት ይህን ሱፖርት ሳይቀይር አዲስ የተባለውን ትራንስፈር በዚያው በተቀደደ ጎማ ላይ ሰቅሎታል።

ስለዚህ ማንም ሰው ትራንስፈሩ ይቀየር ሲላችሁ፣ ጥፋቱ ከውጭ ይሁን ከውስጥ የሚለየውን ፍተሻ በፊታችሁ እንዲያደርግ ጠይቁ። መኪናው በሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማዎቹ ተደግፈው ዘንጉ ፎር ሎው ላይ ይደረግና ማገናኛው ከትራንስፈሩ ላይ ይፈታል። ከዚያ የትራንስፈሩ የራሱ ክንድ በእጅ ሲገፋ ገና የሚሄድበት ቦታ ካለው፣ ማርሹ ከመጀመሪያውም ሙሉ በሙሉ አልገባም፤ ጥርሶቹ በግማሽ ብቻ ተያይዘው ነበር ማለት ነው፤ መድኃኒቱም ማገናኛውን ማስተካከል ነው። ክንዱ እስከ መጨረሻው ገብቶ፣ ማገናኛው እንደተፈታ በልል አፈር ላይ ቀስ ብሎ ሲነዳ፣ ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ ማርሹ ካልወጣ ጥፋቱ አሁንም ከውጭ ነው። ነዳጅ መልቀቁ የግድ መሞከር አለበት፤ በዚያን ጊዜ ኃይሉ በጥርሶቹ ተቃራኒ ገጽ ላይ ስለሚያርፍ በአንድ ወገን ብቻ የተበላ ጥርስ የሚጋለጠው ያኔ ነው። ያለ ማገናኛው ከወጣ ግን ነገሩ የውስጥ ነው፦ ማርሹን በቦታው የሚይዘው የኳስና የሞላ መቆለፊያ ደክሟል፣ ማርሹን የሚገፋው ሹካ ተበልቷል፣ በሹካው እየተገፋ ማርሹን የሚያያይዘው ተንሸራታች ቀለበት ጥርሶቹ ተድቦልቡለዋል፣ ወይም ኩሽኔታዎቹ ላልተዋል። ዘንጉ ከቦታው ሳይነቃነቅ ከሥር የመንኳኳት ድምፅ ብቻ ከተሰማ ደግሞ በትራንስፈሩ ውስጥ ያለው ሰንሰለት ረዝሞ በጥርሱ ላይ እየዘለለ ሊሆን ይችላልና ከማርሽ መትፋት ጋር አታምታቱት። በማብሪያ ማጥፊያ የሚቀየሩት ዓይነቶች የሚንቀሳቀሱት በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ስለሆነ፣ በእነርሱ ላይ ይኸው ትንሽ ሞተርና የማርሹን ቦታ የሚጠቁመው ዕቃ ቀድመው ይመርመሩ።

«ታደሰ» ስለሚለው ቃልም ልንገራችሁ። ሱፖርቱ ከተቀየረ በኋላ ማርሹ ዳገት ላይ መያዝ ጀመረ፤ ነዳጅ ስለቅቅ ግን አልፎ አልፎ አሁንም ይወጣ ነበር። መካኒኩ የተሸጠልኝን ትራንስፈር ሲከፍተው ውጩ ታጥቦ ቀለም ተቀብቷል፣ የሁለቱ ክፍሎች መገጣጠሚያ በአዲስ ማሸጊያ ተጣብቋል፤ በሹካው ጫፍ ላይ ያሉት የፕላስቲክ መዳፎች ግን እስከ ብረቱ ድረስ አልቀው ነበር፤ የተንሸራታቹ ጥርሶችም ጠርዛቸው እንደ ወንዝ ጠጠር ክብ ሆኗል። እነዚህ መዳፎች ከውስጡ ዕቃዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት መካከል ናቸው። ቤቱ ግን ከእነርሱ ይልቅ ቀለሙ የሚሻል ሳይመስለው አልቀረም። በእውነት የታደሰ ዕቃ የሚሸጥ ሰው፣ ኩሽኔታው፣ ሰንሰለቱ፣ የሹካው መዳፍ፣ የዘይት መከላከያው፣ የትኛው ተቀየረ የትኛው ተፈትሾ ተመለሰ የሚለውን በጽሑፍ ለመስጠት አያመነታም። የትኛው ዘይት እንደተሞላም አብሮ ይጻፍ፤ አንዳንዱ ትራንስፈር የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ አንዳንዱ ወፍራም የማርሽ ዘይት ስለሚፈልግ የመኪናው መመሪያ ካዘዘው ጋር ማመሳከር አለባችሁ።

በመጨረሻ የጥገና ቤቱን ሳነጋግር የተሰጠኝ መልስ፣ ፎር ዊሉን በአስፋልት ላይ ነድተህበት ነው የሚል ነበር። ይህ አነዳድ ትራንስፈሩን እንደሚጎዳ እውነት ነው፤ ነገር ግን በደረቅ መንገድ ላይ የፊትና የኋላ አክስሎች ሲወጣጠሩ በአብዛኛው ማርሹ ተጣብቆ አልወጣ ይላል እንጂ በራሱ ዘልሎ አይወጣም። ይህን ስነግራቸው ክርክሩን ትተው የዋስትናውን ወረቀት አወጡ። እኔ ሳላነበው በፈረምሁት ወረቀት ላይ፣ ዕቃው በሌላ ሰው ከተከፈተ ዋስትናው ይሰረዛል ይላል፤ በሁለት ቡሎኖች ራስ ላይም የመለያ ቀለም ጠብ ተደርጎ ነበር። ትራንስፈሩን ለማስከፈት ከመወሰኔ በፊት የሻጩን ሰው መጥራት፣ ቀለሙ ሳይነካ ፎቶ ማንሳትና እርሱ ባለበት ማስከፈት ይገባኝ ነበር። አሁን የተበላው ሹካና ተንሸራታቹ በላስቲክ ተጠቅልለው ቤቴ ተቀምጠዋል፤ ከየትኛው ትራንስፈር እንደወጡ ግን ከእኔና ከመካኒኩ በቀር የሚመሰክር የለም።