ለገጣፎ ላሉት የጥርስ ሐኪሜ የቀረበ ምስጋና

በተነቀለው የላይኛው መንጋጋ ጥርሴ ቦታ ኢምፕላንት (በጥርስ ሥር ፈንታ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል የቲታኒየም ብሎን) የተከሉልኝን፣ ለገጣፎ የሚሠሩ የጥርስ ሐኪም በአደባባይ ሳላመሰግን መቅረት ስላልሆነልኝ ይህን ጽፌአለሁ። ቀድሞ የሄድኩበት አንድ ክሊኒክ ዋጋውን ከመንገር በቀር ስለሚተከለው ነገር ምንም አላስረዳኝም ነበር። እሳቸው ግን በመጀመሪያ የስኳር ምርመራ ውጤቴን አዩ፤ ቀጥለውም የኢምፕላንቱን ናሙና መዳፌ ላይ አኑረው ላዩ ለምን ደብዛዛና ሸካራ እንደሆነ ነገሩኝ።

ቲታኒየም ከአጥንት ጋር እንደሚዋሐድ ያስተዋሉት ስዊድናዊው ፐር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያውን ታካሚ ያከሙት እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። የዚያ ዘመን ኢምፕላንት በማሽን ተቀርጾ እንደወጣ የሚተከል፣ ላዩም ለስላሳ ስለነበር ታካሚው ለታችኛው መንጋጋ 3፣ ለላይኛው እስከ 6 ወር ይጠብቅ ነበር። የእኔው በጠንካራ ብናኝ ተመትቶ በአሲድ የታጠበ ነው። ሸካራው ገጽ የረጋውን ደም አጥብቆ ስለሚይዝ አጥንት ሠሪ ሕዋሳት በደሙ ድር ላይ ተጉዘው ብረቱ ዘንድ ይደርሳሉ፤ አዲሱን አጥንትም እዚያው ብረቱ ላይ መሥራት ይጀምራሉ። ብረቱ ለስላሳ ሲሆን ግን አጥንቱ በአመዛኙ ከጉድጓዱ ግድግዳ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ብረቱ ያድጋል። ይህ ማለት ሸካራነት በበዛ ቁጥር ይሻላል ማለት አይደለም፤ ተመራጩ ሸካራነት ከ1 እስከ 2 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ያህል ሲሆን፣ በጣም የሻከረው ድድ በሸሸ ጊዜ የባክቴሪያ መደበቂያ ይሆናል።

እንዲህ ባለው ኢምፕላንት ላይ፣ አጥንቱ ደህና ከሆነ፣ በ6 ሳምንት ገደማ ጥርስ ማሰር እንደሚቻል ስሰማ ለልጄ ሠርግ እንዲደርስልኝ ለመንኳቸው። አልተስማሙም። የላይኛው መንጋጋ አጥንት ሳሳ ያለ መሆኑን፣ ስኳር ደግሞ የቁስልን መዳን እንደሚያዘገይ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም የብሎኑ የመጀመሪያ ጥብቀት ላልቶ አዲሱ አጥንት ገና ሳይጠነክር የሚያልፍ አስጊ ጊዜ መኖሩን በትዕግሥት አስረድተው 3 ወር አስጠበቁኝ። ገንዘቡን ቶሎ መቀበል ይችሉ ነበርና ይህን እንደ ትልቅ ውለታ እቆጥረዋለሁ። ጥርሱ የታሰረልኝ በራጅ ታይቶ ነው፤ ዛሬ ቆሎ ሳይቀር እቆረጥምበታለሁ።

በመጨረሻም የኢምፕላንቱን ዓይነትና የምርት ቁጥር የያዘ ወረቀት ሰጥተውኛል። የትም ብትታከሙ ይህን ወረቀት ጠይቃችሁ ተቀበሉ፤ ወደፊት ሌላ ሐኪም ቢያያችሁ ይፈልገዋል።

ሳላስፈቅድ ስማቸውን እዚህ ማውጣት ስላልወደድኩ፣ አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ቅዳሜ ወረፋው ስለሚበዛ በሥራ ቀን ማለዳ ብትሄዱ ይሻላል፤ የስኳር ታማሚ የሆነ ሰው የቅርብ ጊዜ የምርመራ ውጤቱን ይዞ ይሂድ።